ሞርፊን እንዲህ ርካሽ ከሆነ ለምንድነው ለታማሚው የማይደርሰው? ከካምፓላ እስከ ኬረላ

ከጉለሌ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዛሬ ስለ ፓሊየቲቭ ኬር ላወራችሁ ነው። ለማያውቀው በአጭሩ፣ ከባድ ወይም የማይድን ሕመም ያለበትን ሰው ስቃይ የሚቀንስ፣ አስታማሚውንም የሚደግፍ ሕክምና ነው። ካንሰር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ልብም፣ ኩላሊትም፣ ሳንባም፣ ኤችአይቪም ይገባበታል። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትደናገሩ።

የተለያዩ አገሮችን ታሪክ ሳነብ ሰነበትኩ። ብዙ ሰው ሀብታም አገር ስላለው ነው ድሃ አገር የሌለው ብሎ ያስባል፤ ግማሹ ልክ ነው። ግን ድሃ ሆነው የተሳካላቸው አሉ፣ ሀብታም ሆነው የተንገዳገዱም አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ የሚያድገው ሁለት ጥያቄ ሲመለስ ነው። ሞርፊን፣ ማለትም ከባድ ሕመም የሚያስታግሰውን መድኃኒት፣ ማዘዝ የሚችለው ማነው? ታማሚውን ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያየውስ ማነው?

አጀማመሩ እንግሊዝ ነው። ሲስሊ ሳንደርስ የምትባል ሴት፣ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥላ ሶሻል ወርከር፣ በመጨረሻ ሐኪም ሆና፣ በ1967 ደቡብ ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ ሆስፒስን ከፈተች (ሆስፒስ ማለት ሊሞቱ የተቃረቡ ታማሚዎችን የሚንከባከብ ተቋም ነው)። ታማሚው በሕመም እስኪጮህ መጠበቅ ቀርቶ መድኃኒቱ ሰዓቱን ጠብቆ እንዲሰጥ አደረገች፤ ዛሬ ቀላል ይመስላል፣ ያኔ ግን ትልቅ ለውጥ ነበር። አፍሪካ ውስጥ የመጀመሪያው በ1979 በዛሬዋ ሐራሬ፣ ዚምባብዌ፣ የተከፈተው አይላንድ ሆስፒስ ነው። በ1990 ናይሮቢ ተከተለች።

እኔን የገረመችኝ ግን ኡጋንዳ ናት። አን ሜሪማን የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም በ1993 ለሦስት ወር የሚበቃ ገንዘብ ይዛ ካምፓላ ገባች። ሕንጻ አልሠራችም፣ አልጋም አልዘረጋችም። ሥራው ታማሚውን ቤቱ ሄዶ ማየት ነበር፤ መድኃኒቱም ከዱቄት የሚበጠበጥ የሚጠጣ ሞርፊን። ግን አገሪቱ ውስጥ ያለው ሐኪም ጥቂት ነው፣ ገጠር ደግሞ ጭራሽ የለም። ስለዚህ በ2004 ሕጉ ተሻሻለና ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች (ሐኪም ሳይሆኑ ታማሚ የሚያክሙ ባለሙያዎች) ሞርፊን እንዲያዙ ተፈቀደላቸው። መድኃኒቱንም መንግሥት በነፃ ያቀርባል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሩዋንዳም በኋላ ይህንኑ መንገድ ይዛ ሞርፊኑን እዚያው አገር ውስጥ እየቀመመች ታከፋፍላለች።

እኛስ ምን ይዞን ነው?

ቀማሚው

ጥሩ ክር ነው። ፋርማሲስት ነኝና ስለ መድኃኒቱ እኔ ልጨምር።

ሥራው ያን ያህል አይከብድም። ዱቄቱ በጥንቃቄ ይመዘናል፣ በንጹሕ ውኃ ይሟሟል፣ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ነገር ይገባበታል፣ ከዚያ ቀለም። ኡጋንዳዎች ቀለሙን ለጌጥ አይደለም የሚጨምሩት። ደካማው፣ በ5 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ያለው፣ አረንጓዴ ነው። ጠንከር ያለው ሌላ ቀለም አለው። ማንበብ የማትችል እናትም ጠርሙስ አትሳሳትም።

ታዲያ ለምን አይደርስም ላልከው፣ አንደኛ ማንም አያተርፍበትም። ፓተንት የሌለው፣ ሳንቲም የሚያወጣ መድኃኒት አስመጪውን አያጓጓም። ሁለተኛው ሰው የማያውቀው ነው። ከ1961ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ወዲህ እያንዳንዱ አገር በዓመት ምን ያህል ሞርፊን እንደሚፈልግ አስልቶ ቪየና ላለው የቁጥጥር ቦርድ ያሳውቃል። ብዙ አገር ይህን የሚያሰላው አምና በተጠቀመው ልክ ነው። አምና ሐኪሞች ፈርተው ካላዘዙ ዘንድሮ የሚጠየቀው ትንሽ ነው፣ ትንሽ ከመጣ ደግሞ ያልቃል፣ ሲያልቅ ሐኪሙ ማዘዙን ይተወዋል። እንዲህ እየዞረ ሃያ ሠላሳ ዓመት ይሄዳል።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 ያወጣውን ቁጥር ብቻ ልንገራችሁ። በሞርፊን ሂሳብ ተሰልቶ በዓለም በዓመት ወደ 299 ቶን የሚጠጋ የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ ይሰራጭ ነበር። ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ነው። ነጥቡን በትክክል አንብቡት።

ጥርጣሬ

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም በአንድ ወገን እያወራችሁ ነው። አሜሪካ በዚሁ ዓይነት መድኃኒት ስንት ወጣት እንደቀበረች እያየን ነው እኮ። እኛ ጫትና ሺሻ መቆጣጠር አቅቶን ሞርፊን በነርስ እጅ እንስጥ? ደግሞ እኔ እስካሁን ያየሁት ሞርፊን የተጀመረለት ሰው ሁሉ ሳምንት ሳይሞላው ነው የሚሞተው። ማስታገሻ ነው ወይስ ማሰናበቻ?

ሲስተር ሐ

ጥርጣሬ ወንድሜ፣ ጥያቄህን በየቀኑ ከቤተሰቦች እሰማዋለሁ፣ ስለዚህ አልቆጣህም 🙂

መጀመሪያ የመጨረሻውን ልመልስ። እኛ ጋ ሞርፊን የሚጀመረው ሰውየው ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ስለሆነ ነው እንደዚያ የሚመስልህ። ከስድስት ወር በፊት ቢጀመርለት ኖሮ ስድስት ወር ተቀምጦ፣ በልቶ፣ ተኝቶ ታየው ነበር። ከትንሽ መጠን ተነስቶ ቀስ እያለ ከተጨመረ ሞርፊን ዕድሜ አያሳጥርም። ሕመም ያቆሰለው ሰው እንቅልፍ ሲያገኝ እንዲያውም መብላት ይጀምራል።

ሱስን በተመለከተ፣ የማሕፀን በር ካንሰር አጥንቷ ድረስ የገባ ሴት ሱስ ይይዛታል ብለን ስንፈራ አስበው። ማንን ከምን እየጠበቅን ነው?

ነርስ ነኝ፣ ቤት ለቤት ሠርቻለሁ። ሰው ሁሉ ስለ ሞርፊን ያወራል እንጂ ሥራው ከዚያ ይሰፋል። ለምሳሌ የጡት ካንሰር ቆስሎ ሲሸት ቤተሰቡ ክፍሉን ይሸሻል፣ ልጆች አይገቡም፣ ጠያቂ ይቀራል። ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን ተራ ክኒን አድቅቀን ቁስሉ ላይ ስንነሰንስ በጥቂት ቀን ሽታው ይጠፋል። እንዲህ ያለችን ሴት ከሕመሙ በላይ የሚገድላት ብቸኝነቱ ነው። ሌላ ደግሞ ሞርፊን ሲጀመር አብሮ የሆድ ማለስለሻ ካልታዘዘ ድርቀቱ ራሱ ሌላ ስቃይ ነው፤ ይህን የሚረሳ ስንት አለ መሰላችሁ! ታማሚው «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ያቆመዋል፣ ጥፋቱ ግን የአዛዡ ነው።

ቀማሚው

› አሜሪካ በዚሁ ዓይነት መድኃኒት ስንት ወጣት እንደቀበረች

እዚያ የሆነው ሌላ ታሪክ ነው ጥርጣሬ። በ1996 ኦክሲኮንቲን የተባለ ውድ ክኒን ወጣ፣ ሱስ የማስያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው ተብሎ ለወገብ ሕመምተኛ ሁሉ እንዲታዘዝ በሐኪሞች ዘንድ ተሸጠ። ትርፍ ነው የገፋው። በ5 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ያለው አረንጓዴ ውኃ የሚሸጥለት ነጋዴ የለም። ቁጥጥር አያስፈልግም አላልኩም፣ ያስፈልጋል፣ መዝገብና ቁልፍ ያለው ሣጥን የግድ ነው። ኡጋንዳም ይህን እያደረገች ነው የምትሰጠው።

ሜሪላንድ ያለሁ

አሜሪካ ስትሉ ዝም ማለት አቃተኝ። እዚህ ብዙ ሐበሻ በቤት ረዳትነትና በሲኤንኤ (በረዳት ነርስነት) ነው የሚሠራው፣ እኔም አንዷ ነኝ። የሆስፒስ ታማሚዎች ጋ ነው ውሎዬ።

ሥርዓቱ ሲያዩት ያስቀናል። ሜዲኬር፣ የአዛውንቶች የመንግሥት የጤና መድን፣ ሆስፒስን እንዲከፍል የሚያደርገው ሕግ የወጣው በ1982 ነው። ሁለት ሐኪም ሕመሙ በተለመደው መንገዱ ከሄደ ከስድስት ወር በላይ አይኖርም ብለው ይፈርማሉ፣ ታማሚው ደግሞ የሚያድን ሕክምና መፈለጉን ይተዋል። ከዚያ አልጋው፣ ኦክስጅኑ፣ መድኃኒቱ፣ ዳይፐሩ ቤት ድረስ ይመጣል። ነርስ ትመጣለች፣ ቄስ የፈለገ ቄስ ይመጣለታል፣ ከሞተ በኋላም ለቤተሰቡ ይደወላል።

አሁን ደግሞ የማያስቀናውን ልንገራችሁ። ነርሷ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ናት። ሌሊቱን የሚያድረው ቤተሰብ ነው፣ ቤተሰብ ከሌለ በኪስ የሚከፈለው እንደኔ ያለ ሰው ነው። የሚከፈለውም በቀን ሂሳብ ስለሆነ፣ ሆስፒሶቹም አራት እጅ ሲደረጉ ሦስቱ እጅ ለትርፍ የቆሙ ስለሆኑ፣ ቶሎ የማይሞትና ብዙ ሥራ የሌለው ታማሚ ይወደዳል። ያ «ስድስት ወር» የሚባለው ነገር ደግሞ ሰውን ያስፈራል፣ ሐበሻ ቤተሰብ «ሆስፒስ» ሲባል ተስፋ ቆረጡብን ብሎ ወረቀቱን አይፈርምም። የሚመጡልን የመጨረሻው ሳምንት ላይ ነው። ልክ ሲስተር እንዳለችው፣ አገር ቤትም እዚህም ያው ነው።

ከጉለሌ

እህቴ አመሰግናለሁ፣ ይህን ከውስጥ የሚያየው ብቻ ነው የሚያውቀው። በነገራችን ላይ እንግሊዝም ቢሆን መንግሥት ሙሉውን አይከፍልም። ብዙዎቹ ሆስፒሶች የበጎ አድራጎት ድርጅት ናቸው፤ አሮጌ ልብስና መጽሐፍ የሚሸጡ ሱቆች ከፍተው፣ ኑዛዜ ላይ የተተወላቸውን ሰብስበው ነው የሚኖሩት። ሀብታም ሰፈር ያለው ይጠግባል፣ ድሃ ሰፈር ያለው ይጎድልበታል።

አሁን ወደ ሕንድ ልውሰዳችሁ፣ ምክንያቱም ለእኛ የሚቀርበው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕንድ ሞርፊን የሚወጣበትን ኦፒየም በሕጋዊ መንገድ እያበቀለች ለዓለም የመድኃኒት ፋብሪካዎች ትሸጣለች። የራሷ ታማሚ ግን አያገኝም ነበር። በ1985 የወጣው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ አንድ ሆስፒታል ሞርፊን ለማስገባት ከተለያየ መሥሪያ ቤት ብዙ ፈቃድ እንዲለቅም አስገደደው። በቀጣዮቹ 12 ዓመታት የአገሪቱ የሞርፊን ፍጆታ ከ90 በመቶ በላይ ወደቀ! ሕጉ የተሻሻለው በ2014 ነው። እስከዚያ ስንት ሰው እየጮኸ እንደሞተ አስቡት።

ኬረላ የምትባለው ደቡባዊ ግዛት ግን አልጠበቀችም። በ1993 ዶክተር ራጃጎፓልና ጓደኞቹ ካሊከት ውስጥ አንድ ማኅበር መሠረቱ። ብዙም ሳይቆይ ታማሚው ወደ ሆስፒታል መመላለስ እንደማይችል ገባቸው። ስለዚህ ሥራውን ለሰፈር ሰው ሰጡት። ባለሱቁ፣ ተማሪው፣ የባጃጅ ሹፌሩ አጭር ሥልጠና ወስደው በየሰፈራቸው ያለውን ታማሚ ይጎበኛሉ፣ ገንዘቡንም ከጎረቤት ጥቂት ጥቂት እየለቀሙ ነርስ ይቀጥራሉ። ማላፑራም የሚባለው አውራጃ፣ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም የሆነበት፣ የዚህ ነገር ዋና ቦታ ሆነ። በ2008 የግዛቱ መንግሥት የራሱን ፖሊሲ አወጣና በየወረዳው አስተዳደር ነርስ መደበበት። ኬረላ ከሕንድ ሕዝብ 3 በመቶ ገደማ ብትሆንም ለረጅም ጊዜ ከአገሪቱ የፓሊየቲቭ አገልግሎት ሁለት ሦስተኛው ያለው እሷ ዘንድ ነበር።

አሁን ጥያቄዬ፦ ጎረቤት እየተዋጣ፣ ተራ እየገባ፣ የታመመ እየጠየቀ… ይህ እድር አይደለም እንዴ?

የእድር ጸሐፊ

ወንድሜ እንዲህ ሲባል ደስ ይላል፣ ግን ቀስ በል። እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፣ መዝገቡ እኔ ጋ ነው ያለው።

የእድር መዋጮ የሚሰላው በቀብር ነው። በዓመት ስንት ሰው ይሞትብናል፣ ድንኳንና ወንበር መቼ ይተካል፣ ለሐዘንተኛ ስንት እንሰጣለን፣ ያ ነው ሂሳቡ። ሰው አንዴ ይሞታል፣ ታሞ ግን ሁለት ዓመት ሊተኛ ይችላል። ለአንዱ ጀምረህ ለሌላው ብታቋርጥ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ የሚነሳውን ጭቅጭቅ አታውቀውም። አባል ያልሆነው ተከራይስ? ድሃው እሱ ነው እኮ።

ደግሞ ይህ አዲስ አይደለም። ኤችአይቪ በከፋበት ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ እድሮች ቤት ለቤት እንክብካቤ ገብተውበት ነበር። በጎ ፈቃደኞች ሠልጥነው፣ አጥበው፣ አብልተው፣ መድኃኒት አድርሰው ነበር። እኛ ሰፈር የረዳን ድርጅት ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሄደ፣ ሥራውም ያኔውኑ ቆመ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ለትራንስፖርት እንኳ የሚሰጣቸው ጠፋ።

ሲስተር ሐ

ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ ግን ያ ሥራ ጨርሶ አልጠፋም። ያኔ የሠለጠኑት እናቶች ዛሬም ሰፈር ውስጥ አሉ። የተኛ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል እንዴት እንደሚገላበጥ ከብዙ ወጣት ነርስ የተሻለ ያውቃሉ።

ከጉለሌ፣ የኬረላን ታሪክ ስታወራ አንድ ነገር አትዝለል። ጎረቤቱ ብቻውን አልሄደም። ከኋላው ነርስ አለች፣ ከነርሷ ኋላ ሐኪም አለ፣ ሐኪሙ ጋ ሞርፊን አለ። ይህ ሰንሰለት ከሌለ ጎረቤት ሄዶ ከንፈሩን መጥጦ ነው የሚመለሰው። ያን ደግሞ አሁንም እናደርገዋለን።

በጤና ኤክስቴንሽን ይሠራ የሚልም አይጠፋም። በየቀበሌው ሁለት ልጆች ናቸው፤ ክትባቱ እነሱ፣ ቤተሰብ ምጣኔው እነሱ፣ ሽንት ቤቱ እነሱ፣ ወባው እነሱ፣ ሪፖርቱም እነሱ። ታማሚ መለየትና መጠቆም ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ ግን እንዳትጭኑባቸው።

አገራችን ከዜሮ አትነሳም። ሆስፒስ ኢትዮጵያ በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ ሲመሠረት የጀመረችው ነርስ ናት። ቤት ለቤት ይሄዳሉ። ብሔራዊ የፓሊየቲቭ ኬር መመሪያም በ2016 ወጥቷል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። የጎደለው ከከተማ ሲወጡ ነው፤ ሰውየው ትልቅ ሆስፒታል መጥቶ «አይድንም» ተብሎ፣ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ይዞ አገሩ ይገባል። በአሥራ አምስተኛው ቀን የት ይሂድ? እኔ ሌላ ነገር ሁሉ ቆይቶ ይህ አንድ ጥያቄ ቢመለስ በቂዬ ነው።

ኔታንያ

ሻሎም ለሁላችሁ፣ ከእስራኤል ነኝ። እዚህ በ2005 የወጣ ሊሞት ለተቃረበ ታማሚ የሚሆን ሕግ አለ፣ የሕመም ማስታገሻ ማግኘት መብት ነው ይላል። የጤና ፈንዶቹም ቤት ድረስ ቡድን ይልካሉ። ችግሩ ሌላ ነው። ሽማግሌዎቻችን ዕብራይስጡ ስለሚከብዳቸው የሚያስተረጉመው የልጅ ልጅ ነው። ሐኪሙ «ካንሰሩ ጉበቱ ጋ ደርሷል» ይላል፣ ልጁ ወደ አያቱ ዞሮ «ትንሽ የሆድ ቁስል ነው አባባ» ይላል። ልጁን አልፈርድበትም፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እንዴት ብሎ ነው ለአያቱ የሚያረዳው? ከዚያ ሽማግሌው የሚሰጠውን ሞርፊን «ለሆድ ቁስል ይህን ያህል?» ብለው ይተፉታል። ሕግም መድኃኒትም ነርስም ሞልቶ፣ እንዲህ ይቀራል።

መምህር ጡረታ

ልጆቼ፣ ዘግይቼ ገባሁ። የኔታንያው ልጅ የጻፈው እኛም ቤት ያለ ነው። «ለእሱ እንዳትነግሩት» ማለት ፍቅር ይመስለናል። ግን እስቲ ከሃይማኖታችን አንጻር እንኳ እዩት። ሊሞት የቀረበ ሰው ንስሐ ይገባል፣ ይናዘዛል፣ የተጣላውን ይታረቃል፣ ያለበትን ዕዳ ይናገራል፣ መሬቱን ለማን እንደሚያወርስ ይለያል። ሳንነግረው ስንቀር ይህን ሁሉ ነው የምንቀማው። ከዚያ ቀብር በወጣ በወሩ ልጆቹ ፍርድ ቤት ይቆማሉ።

ሕመምን መታገሥ ጽድቅ ነው የሚሉም አሉ። ለራሱ የመረጠ ሰው ይታገሥ። ለሌላው መምረጥ ግን የእኛ ሥልጣን አይመስለኝም። ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ።

ሲስተር ሐ

መምህር፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እኛ የምናደርገውን ልንገርዎት። አንደብቅም፣ አናፈነዳውምም። ታማሚውን «ስለ ሕመምዎ ምን ያውቃሉ? ምን ያህልስ ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብለን እንጠይቃለን። በአብዛኛው እሱ ቀድሞ አውቆታል፣ ልጆቹ እንዳያዝኑ ብሎ ነው ዝም ያለው። እነሱ ለእሱ ብለው፣ እሱ ለእነሱ ብሎ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ምስጢር። «ለልጆቼ ይነገርልኝ» የሚልም ያጋጥመናል።

ጥርጣሬ

እሺ፣ በከፊል አሳምናችሁኛል። ነርስ ታዝዝ የሚለው ላይ ግን አሁንም እንደፈራሁ ነኝ፤ ሥልጠናውና ቁጥጥሩ ከሌለ ብላሽ ነው። አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ለቀማሚው። አክስቴ ሰሞኑን ይህ የሚጠጣው ታዞላታል። ቤት ውስጥ ሕጻናት አሉ። እንዴት ይቀመጥ? በምንስ ይለካ?

ቀማሚው

ፍርሃትህ ተገቢ ነው፣ ኡጋንዳም ሥልጠናውን ያስቀደመችው ለዚያ ነው።

ለአክስትህ፦ በሻይ ማንኪያ እንዳትለኩ፣ ማንኪያ ሁሉ አንድ አይደለም። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከፋርማሲ ጠይቁ፣ የታዘዘላትን ሚሊ ሊትር ላዩ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉበት። ብዙ ጊዜ በየአራት ሰዓቱ ነው የሚሰጠው፣ ሌሊቱን እንዴት እንደሚሆን አዛዡ የነገራችሁን ተከተሉ፣ በራሳችሁ አትጨምሩ። የሰጣችሁበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ፤ ነርስ ወይም ሐኪም ሲያያት መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ነው። ከመጠን በላይ ከደነዘዘች ወይም አተነፋፈሷ ከቀነሰ ቀጣዩን ሳትሰጡ ወዲያው ደውሉ።

ጠርሙሱን ፀሐይና ምድጃ የማይደርስበት፣ የሚቆለፍ ቦታ አስቀምጡ። የተከፈተበትን ቀን ጻፉበት። ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ በፍጹም አትገልብጡት፣ ልጅ አንስቶ ይጠጣዋል። የተረፈ ካለ አትድፉት፣ ለጎረቤትም አትስጡት፣ ወደ ሰጣችሁ ፋርማሲ መልሱት።

የሆድ ማለስለሻ አብሮ ታዞላታል ወይ? ካልታዘዘ ዛሬውኑ ጠይቁ።